‹ለእናቴ ኦሜጋ 3 ልላክላት ወይ?› ላልሽው እህት

እህቴ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። እናትሽ 71 ዓመታቸው ነው፣ አዲስ አበባ ከታናሽ እህትሽ ጋ ነው የሚኖሩት፣ ደም ግፊትም ስኳርም አለባቸው፣ ለግፊቱ ኢናላፕሪል፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላሚድ ይወስዳሉ፣ ከጥቂት ወራት ወዲህ ደግሞ አንዱን ወሬ ደጋግመው ማውራት፣ ድስት ጥዶ መርሳት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ስም ማምታታት ጀምረዋል፣ ጾም ደግሞ አንድም ቀን አያስታጉሉም። አንቺ አሜሪካ ሆነሽ ሻንጣ እያዘጋጀሽ ነው፣ ‹ኦሜጋ 3፣ የወይራ ዘይትና ለማስታወስ ተብሎ የሚሸጠውን ክኒን ልላክላት ወይ፣ ምግቧስ ምን ይሁን› ነው ያልሽው። የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ፣ ቀኔን የማሳልፈው የግፊትና የስኳር ክትትል ላይ ነው፣ እንደ እናትሽ ያሉ እናቶችን በየቀኑ ነው የማየው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ሌላው ሁሉ ከዚህ ነው የሚመዘዘው። ሰው ለልብ የሚሆን ምግብ ሌላ፣ ለአእምሮ የሚሆን ምግብ ሌላ ይመስለዋል። አይደለም። አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው፣ ግን ልብ ከምትረጨው ደም ውስጥ ከአምስት አንድ እጅ ያህሉን ይወስዳል፣ ያ ደም የሚደርሰው ደግሞ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ደም ስሮች ነው። ግፊት ለ15 ለ20 ዓመት ከፍ ብሎ ሲኖር እነዚያ ስሮች ይደነድናሉ፣ ይጠባሉ፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይደፈናል፣ ሰውየው ስትሮክ መታኝ ሳይል፣ አፉም ሳይጣመም፣ እጁም ሳይዝል ትንንሽ ቦታዎች ይሞታሉ። ከዚያ ቤተሰብ ‹እርጅና ነው› ይላል። ስለዚህ እናትሽ የሚበሉት ነገር አእምሯቸውን የሚነካው በአብዛኛው በደም ስራቸው በኩል ነው፣ ልባቸውን የሚጠብቀው ምግብ ማስታወሳቸውንም የሚጠብቀው ለዚህ ነው። በ2019 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ) አሜሪካ ውስጥ ከ9 ሺህ በላይ ሰው የተሳተፈበት ስፕሪንት የሚባለው ጥናት ውጤት ወጥቶ ነበር፣ የላይኛውን የግፊት ቁጥር ከ120 በታች ለማድረስ የታከሙት ከ140 በታች ብቻ ይበቃል ከተባሉት ጋር ሲነጻጸሩ መለስተኛው የማስታወስ ችግር በ19 በመቶ ቀነሰላቸው። ያ ጥናት የመድኃኒት ነው እንጂ የምግብ አይደለም፣ ለምን ተነሳ ብትዪኝ ግፊትን ማውረድ አእምሮ ድረስ እንደሚደርስ ስለሚያሳይ ነው፣ ግፊትን ከሚያወጡት ነገሮች ደግሞ ቤታችን ውስጥ አንደኛው ጨው ነው።

ጨው ላይ ቆይቼ ላውራሽ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ ያ ማለት አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ የቀኑ ሙሉ፣ ከሁሉም ምግብ ተደምሮ። በ2015 የኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በሠራው አገር አቀፍ ጥናት የእኛ ሰው አማካይ 8 ግራም አለፍ ያለ ነው የተገኘው። ታካሚዎቼን ‹ጨው ትቀንሻለሽ?› ስላቸው ሁሉም ‹ኧረ እኔ ጨው አልበላም› ይሉኛል፣ ውሸታቸውንም አይደለም፣ እንጀራው ላይ ነስንሰው ስለማይበሉ ነው። አንድ ቀን የገዛ እናቴ ሽሮ ስትሠራ አጠገቧ ቆሜ አየሁ። በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል። የሽሮው ዱቄት ሲፈጭ ከቅመሙ ጋ ጨው ገብቶበታል። ከዚያ ድስቱ ሲንተከተክ ቆንጠር አድርጋ ጨመረች፣ በማማሰያው ጠብ አድርጋ መዳፏ ላይ ቀመሰችና ‹አልጣመም› ብላ ደገመች። እኔ ስቀምሰው ጨው በዝቶበታል። ነገሩ ገባኝ፣ በዕድሜ ምላስ ጨውን የመለየት ኃይሉ ይቀንሳል፣ ስለዚህ የቤቱን ወጥ የሚያጣፍጠው ሰው 70 ዓመት ካለፈው ቤቱ ሁሉ ጨው እየበላ ነው ማለት ነው። እሷ ላይ ምላሷን መለወጥ አልቻልኩም፣ ያደረግነው በርበሬና ሽሮ ስናስፈጭ ጨው ጭራሽ እንዳይገባ ማድረግ ነው፣ ጨው ድስቱ ላይ አንዴ ብቻ፣ እሱንም እህቴ ነች የምትጨምረው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ በሶብላ፣ ጥቁር አዝሙድ ጨመር ሲደረግ ጨው መጉደሉ ያን ያህል አይታወቅም፣ ሦስት አራት ሳምንት ነው የሚያስቸግረው፣ ከዚያ ምላስ ይለምዳል። ታናሽ እህትሽ ይህንን ታድርግ። ሚጥሚጣና አዋዜውንም ትመልከት፣ እነዚያ ውስጥም ጨው አለ፣ ያቺን ወጥ ላይ የምትፈረፈር ማጣፈጫ ደግሞ ከነጭራሹ ትተዋት፣ አብዛኛዋ ጨው ናት።

እዚህ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ። አሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ‹የጨው ምትክ› የሚባል አለ፣ ሶዲየሙ (ግፊት የሚያወጣው የጨው ክፍል) ተቀንሶ ፖታሲየም የሚባል ሌላ ማዕድን የተጨመረበት። ጥሩ ነገር ነው፣ ቻይና ውስጥ 600 መንደሮች ላይ ወደ 21 ሺህ በሚጠጋ ሰው ተሞክሮ በ2021 ውጤቱ ሲወጣ ስትሮክን በ14 በመቶ ቀንሷል። ግን እናትሽ ኢናላፕሪል ይወስዳሉ፣ ኢናላፕሪል ራሱ ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያስቀራል፣ በዚያ ላይ የስኳር ታማሚ ኩላሊት ሳይታወቅ ይደክማል፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ፖታሲየሙ ከፍ ብሎ የልብ ምትን እስከ ማቆም ሊያደርስ ይችላል። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ ሳይደረግ ሐኪማቸውም ሳያውቅ እንዳትልኪው።

ወደ ጾሙ ልምጣ፣ ምክንያቱም ከጻፍሽው ሁሉ ዓይኔ የቀረው እሱ ላይ ነው። ‹ጾሙ ነው የጎዳት› ብለሽ ጠርጥረሻል። የጾም ምግባችን በራሱ፣ ምስሩ፣ ሽምብራው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ፣ ጤፉ፣ ተልባው፣ የልብ ሐኪም ተቀምጦ ቢያወጣው ከዚህ ብዙ የራቀ አያወጣም። በ2013 ስፔን ውስጥ ፕሬዲሜድ የተባለው ጥናት ከ7 ሺህ በላይ ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆኑ ሰዎችን ይዞ፣ የወይራ ዘይት ወይም ለውዝ የበዛበት የሜዲትራኒያን አመጋገብ ድንገተኛ የልብ ጥቃት (ሃርት አታክ)፣ ስትሮክና በዚያ የሚመጣ ሞትን በ30 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል፣ አሠራሩ ላይ ስህተት ተገኝቶበት በ2018 ተስተካክሎ እንደገና ሲታተምም ድምዳሜው እዚያው አካባቢ ነው የቆየው። የሚበሉት ጥራጥሬ፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ያልተፈተገ እህል፣ ለውዝ፣ የአትክልት ዘይት ነበር፣ ሥጋና ቅቤ ትንሽ። የኛ የጾም ገበታ ዘመዱ ነው። የእናትሽ ችግር ጾም መጾማቸው ላይ አይደለም፣ ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፣ ሁለቱም ምርመራ ይፈልጋሉ።

አንደኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ውጪ አይገኝም፣ ጎመንም ጤፍም ውስጥ የለም። የሚያጠብቅ ሰው ረቡዕና ዓርብን፣ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ነቢያትን፣ ሐዋርያትን፣ ፍልሰታን ደምሮ ከግማሽ ዓመት በላይ ይጾማል። በዚያ ላይ በዕድሜ የጨጓራ አሲድ ይቀንስና ከበላነው ውስጥ እንኳን ቢ12ቱን መሳብ ያቅታል። በዚያ ላይ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ያጎድለዋል። በዚያ ላይ ለጨጓራ ብለው ኦሜፕራዞል የሚወስዱ ከሆነ እሱም ያጎድለዋል (ጠይቂያቸው፣ ብዙ ሰው ከፋርማሲ ራሱ ገዝቶ ነው የሚወስደው፣ እንደ መድኃኒት አይቆጥረውም)። እናትሽ ላይ ጾሙ፣ ዕድሜውና ሜትፎርሚኑ፣ ሦስቱ ተደራርበዋል። ቢ12 ሲያንስ ሰው ይረሳል፣ ይነጫነጫል፣ ይደክመዋል፣ ሲሄድ ሚዛኑን ይስታል። አንዲት እናት ልጃቸው ‹መርሳት ጀምራለች፣ አልዛይመር ነው መሰለኝ› ብሎ አምጥቷቸው ነበር፣ ጫማቸውን አስወልቄ እግራቸውን ስነካ ‹ዶክተር እኔ እኮ ጥጥ ላይ የምረግጥ ነው የሚመስለኝ፣ ነጠላ ጫማዬ ሲወልቅ አላውቅም› አሉኝ፣ ቢ12ታቸው ተለካ፣ በጣም ወርዷል፣ በመርፌ ጀመርንላቸው፣ ከሦስት ወር በኋላ ሲመጡ የቀጠሮ ካርዳቸውን ራሳቸው ከቦርሳቸው አውጥተው ነው የሰጡኝ፣ ልጃቸው ዳር ቆሞ እንባው መጣ። የሁሉም እንዲህ ይመለሳል እያልኩሽ አይደለም፣ ብዙ የቆየ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ላይመለስ ይችላል፣ ለዚያ ነው በቶሎ አስለኪ የምልሽ። የስኳር በሽታም እግር ያደነዝዛል፣ ስለዚህ ‹ስኳሩ ነው› ተብሎ እንዳይታለፍ ስሙን ጠርታችሁ ቢ12 ይለካልን በሉ።

ሁለተኛው ግሊቤንክላሚድ ነው። ይህ መድኃኒት ሰው በላም አልበላም ስኳርን ያወርዳል። እናትሽ ጠዋት ክኒናቸውን ውጠው እስከ 9 ሰዓት ምንም ካልቀመሱ ስኳራቸው ሊወርድ ይችላል፣ ላብ ላብ ማለት፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት፣ የማይሆን ነገር መናገር ይመጣል፣ ሽማግሌ ሰው ላይ ደግሞ ላቡም መንቀጥቀጡም ሳይታይ መደናገሩ ብቻ ሊታይ ይችላል። ደጋግሞ ሲወርድ አእምሮን ይጎዳል። መርሳታቸው የሚብሰው በጾም ቀን ከረፋዱ እስከ 9 ሰዓት ድረስ ነው ወይ? ታናሽ እህትሽ ትከታተል፣ ግራ ሲጋቡ ወዲያው ጣታቸውን ወግታ ትለካ፣ ከ70 በታች ከሆነ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ ወይም ጭማቂ ትስጣቸውና ለሐኪማቸው ትንገር፣ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው ከግሊቤንክላሚድ የሚሻል አማራጭ አለ። ክኒኑን ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት። የጾሙን ሰዓት በተመለከተ የንስሐ አባታቸውን ታናሽ እህትሽ ትጥራቸው፣ ሁኔታውን በግልጽ ትንገራቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ለታመመና ለደከመ ሰው የምታደርገውን እሳቸው ያውቃሉ፣ እናቶች ከእኔ አፍ ሲሰሙት ‹ዶክተሩ ምን ያውቃል› ነው፣ ከንስሐ አባታቸው ሲሰሙት ግን ይቀበላሉ፣ ስንቴ አይቻለሁ።

አሁን ወደ ሻንጣሽ። ኦሜጋ 3 ክኒን (ብዙውን ጊዜ ከዓሣ ዘይት የሚሠራው)፦ አይጠቅምም ብዬ እንዳላስከፋሽ እንጂ እንደተወራለት አይደለም። ቪታል የሚባለው የአሜሪካ ጥናት ከ25 ሺህ በላይ ሰው ላይ በቀን 1 ግራም ለአምስት ዓመት ያህል ሰጥቶ በ2018 ውጤቱ ሲወጣ ዋና ዋናዎቹን የልብና የስትሮክ ችግሮች በአጠቃላይ አልቀነሰም፣ መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት መዛባትን ሊያመጣ ይችላል። የማስታወስ ክኒኖቹን ጭራሽ ተያቸው፣ ብርሽን ማባከን ነው። የወይራ ዘይት ከላክሽ ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጠርሙስ በሁለት ሳምንት ያልቃል፣ ከዚያስ? ዋናው እቤት በየቀኑ የሚጠበስበት ዘይት ነው። የሚረጋው ዘይት፣ የፓልሙ ማለቴ ነው፣ ግማሽ ያህሉ ያ ደም ስር ላይ የሚከማቸውን መጥፎ ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው ዓይነት ቅባት ነው፣ ቅቤማ ከዚያም ይበልጣል። ኑግና ሱፍ እዚያው ገበያ አሉ፣ አብዛኛው ቅባታቸው ለልብ የሚስማማው ዓይነት ነው፣ ዋጋው እንደሚከብድ አውቃለሁ፣ ለዚያ ለወይራው ያሰብሽውን ብር ለእህትሽ ላኪላትና የሱፍ ወይም የኑግ ዘይት ትግዛበት፣ ትንሽ ትንሽ እያደረገች። የጾም ወጥ ነው ተብሎ ዘይት እላዩ ላይ እስኪንሳፈፍ ድረስ ማፍሰስም አይጠቅምም። ቅቤ በዓል ላይ ዶሮ ወጡ ውስጥ ቢገባ እኔ አልጣላም፣ ሁልጊዜ ሽሮው ላይ ሲደረግ ነው የሚከፋው።

ተልባ እቤት ይኑር። ከተክል የሚገኘው የኦሜጋ 3 ዓይነት በብዛት ያለበት እሱ ነው፣ ግን ሳይወቀጥ ከተበላ እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል፣ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣ፣ ለሆድ ድርቀትም ይረዳቸዋል። ዓሣ በሚበሉበት ጊዜ በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይብሉ፣ የኛ የሐይቅ ቀረሶ ኦሜጋ 3ቱ ብዙ ባይሆንም ፕሮቲንና ቢ12 አለው።

ከምግቡ ዓይነት ሌላ ልብ የማይባለው ነገር ደግሞ የምግቡ ማነስ ነው። ብዙ እናቶች ‹ስኳር አለብኝ› ብለው በፍርሃት ትንሽ እንጀራ በትንሽ ሽሮ ቀምሰው ይነሳሉ፣ ይከሳሉ፣ ጭናቸው ይሟሽሻል፣ ከዚያ መውደቅ ይመጣል፣ አልጋ ላይ የዋለ ሰው አእምሮው በፍጥነት ነው የሚደክመው። በዚህ ዕድሜ ኩላሊት ደህና ከሆነ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፣ እናትሽ 60 ኪሎ ቢሆኑ ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው፣ አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ትልቅ ኩባያ (የቡና ሲኒ አይደለም፣ ሩብ ሊትር ያህል የሚይዝ) የበሰለ ምስር 18 ግራም ያህል ነው። እንግዲህ አስቢው፣ በጾም ጊዜ እንጀራውን ቀነስ፣ ምስሩን ወይም ድፍኑን ሽምብራ ከፍ፣ ጎመኑን ግማሽ ሳህን ማድረግ ነው። የፍስክ ቀን ጠዋት እንቁላል ይብሉ፣ አይፍሩት። ያ የ2015ቱ ጥናት እንዳሳየው ከመቶ 97 የሚሆነው ሰው በቂ አትክልትና ፍራፍሬ አይበላም፣ ጎመን በየቀኑ ቢበሉ ርካሹ መድኃኒት እሱ ነው (ለሌሎች አንባቢዎች፦ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስዱ ሰዎች ጎመንን ድንገት አታብዙ፣ ድንገትም አታቁሙ፣ መጠኑን እኩል አድርጉና ለሐኪማችሁ ንገሩ)። ጭማቂ ሳይሆን ፍሬውን ራሱን ይብሉ። ቡና ሁለት ሦስት ስኒ ችግር የለውም፣ ስኳሩንና ጨዉን ብቻ ይተዉ፣ ቡና ላይ ተሰብስቦ ማውራቱማ ለአእምሯቸው ጥሩ ነው።

እውነቱን ለመናገር ምግብ ብቻውን መርሳትን ያቆማል የሚል ማስረጃ በእጃችን የለም። ማይንድ የሚባለው ለአእምሮ ተብሎ የተዘጋጀ አመጋገብ ሦስት ዓመት ተሞክሮ በ2023 ውጤቱ ሲወጣ ከተነጻጸሩት ሰዎች ጉልህ ልዩነት አላሳየም። ፊንላንድ ውስጥ ግን 1,260 ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ ሰዎች ላይ ምግብ፣ እንቅስቃሴ፣ የአእምሮ ልምምድና የግፊትና የኮሌስትሮል ክትትል አንድ ላይ ተደርጎ በሁለት ዓመት መሻሻል ታይቷል። ስለዚህ እናትሽ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በእግራቸው ደርሰው የሚመለሱት መንገድ ከሳህናቸው እኩል ነው፣ እግራቸው እስከቻለ ድረስ እንዳታስቀሩባቸው። ጆሯቸውንም አስመርምሩ፣ የማይሰማ ሰው የሚረሳ ይመስላል፣ አለመስማቱም ራሱ አእምሮን ያደክማል። የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው እጢ) ምርመራና ‹ልባቸው አዝኗል ወይ› የሚለውንም ሐኪሙ ይየው፣ ድብርት አረጋውያን ላይ መርሳት መስሎ ነው የሚመጣው።

አንድ ሰው ከጥያቄሽ ስር ነጭ ሽንኩርትና ሺፈራው ስጫቸው፣ የግፊቱን ክኒን ያስቆማል ብሎሻል። እባክሽ እንዳትሰሚ። ሁለቱም ምግብ ናቸው፣ ይብሏቸው፣ ግን ክኒኑን አቁመው በሳምንቱ በስትሮክ የመጡ ሰዎችን እኔ ተቀብያለሁ፣ ግማሽ አካላቸው ላይመለስ ሄዷል፣ ያ ምን ያህል እንደሚያም አይቼዋለሁና ነው የምለምንሽ።

ሻንጣው ውስጥ ቦታ ካለሽ ኦሜጋውን አውጪና የግፊት መለኪያ አስገቢ፣ ክንድ ላይ የሚታሰረውን፣ የእጅ አንጓ ላይ የሚደረገውን አይደለም፣ ከሱ ጋ የስኳር መለኪያና በቂ ስትሪፕ (ደሙ የሚነካበት የመለኪያው ቁራጭ)። ታናሽ እህትሽ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ፣ እናትሽ አምስት ደቂቃ አርፈው ከተቀመጡ በኋላ ለክታ ደብተር ላይ ትጻፈው፣ የጾሙን ቀን ምልክት ታድርግበት፣ መርሳቱ የባሰበትንም ሰዓት። የቢ12፣ የኩላሊት፣ የፖታሲየም፣ የታይሮይድና የሦስት ወሩ የስኳር ውጤት ሲወጣ ከዚያ ደብተር ጋ ይዛ ወደ ክትትል ሐኪማቸው ትሂድ፣ አንቺም ስም ሳትጠቅሺ ቁጥሮቹን እዚህ ጻፊልኝና አብረን እናየዋለን።